ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ የሕይወቱ ታሪክና የማረፊያ ጥያቄ

በዚህ እትማችን የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርበው ሰው በትውልዱ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሆኖም ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል በአዛዥነት መርቶ፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተምሮ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በአይሮፕላን አደጋ ተቃጥሎ የሞተ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል። በዘመኑ የነበሩት የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ቅጽል አውጥተውለት ነበር። ኮንዶር ግን የደቡብ አሜሪካ ትልቅ ጥንብ አንሣ ስለሆነ ቅጽሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ እምብዛም አያምርም፤ እኛ ሮቢንሰን እያልን እንቀጥላለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ክርክር ነው። ደማም ካለው የሕክምና ትምህርት ቤታችን ኾባር ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ስንመላለስ የዳህራን አሮጌ አይሮፕላን ማረፊያ ከመንገዳችን ብዙ አይርቅም። ማረፊያውን አሜሪካኖች ከ1945 እስከ 1946 ሠሩት፤ እስከ 1999 ድረስም የምሥራቁ ክፍለ ሀገር መንገደኛ የሚሳፈረው ከዚያ ነበር። ዛሬ የጦር አየር ሰፈር ነው። ሲሠራ ዙሪያው አሸዋ ነበር፤ አሁን ኾባርና ዳህራን አቅፈውታል፤ ደማምም ሩቅ አይደለችም። በ1999 የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ አይሮፕላን ማረፊያ በአንጻሩ ከደማም በስተ ሰሜን ምዕራብ በበረሃ ውስጥ ለብቻው ተንጣሎ ይገኛል። ክልሉ 776 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሲሆን ሁለቱ ማኮብኮቢያዎቹ እያንዳንዳቸው 4,000 ሜትር ይረዝማሉ።

አንድ ምሽት ከሆስፒታል ስንመለስ አንድ አይሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አየን። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ ሞተሩ የተበላሸበት የመንገደኞች አይሮፕላን እዚህ ሰማይ ላይ ቢገኝ የት ማረፍ እንደሚገባው ጠየቀ። አንዱ ቅርብ የሆነው ይሻላል አለ። ሌላው በሰው ቤት አናት ላይ ከሚመጣ ራቅ ብሎ በረሃው ላይ ይውደቅ ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ ባሕሩ አጠገባችን እያለ ምን አስጨነቃችሁ አለ። ማደሪያችን ደርሰንም ክርክሩ አላለቀም። ሮቢንሰንን ያስታወስነው በዚህ መካከል ነው፤ የዚህ ሰው ዕድሜ ከሞላ ጎደል ያለፈው ማረፊያ በመፈለግ ነበርና።

ሮቢንሰን በ1903 ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ እናቱ ይዘውት ወደ ሚሲሲፒ ሄደው ጋልፍፖርት ከተማ ውስጥ አደገ። በልጅነቱ አይሮፕላን ካየ ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ሰማይ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁር ልጅ አብራሪ ለመሆን መመኘቱ እንደ እብደት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ወደ ታስኪጊ ትምህርት ቤት ገብቶ የመኪና መካኒክነት ተማረና በ1924 ተመረቀ። ከዚያ በዲትሮይት በኩል አድርጎ ቺካጎ ገባ።

ቺካጎ ላይ የሆነውን ነገር በተለይ በስኮላርሽፕ የምንማር ሰዎች ልናስብበት ይገባል። በከተማዋ የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሮቢንሰን ቢያመለክትም ጥቁር በመሆኑ አልተቀበሉትም። እሱም አልተመለሰም፤ እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ በክፍሎቹ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚሰጠውን ትምህርት ያዳምጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ይገለብጥ ነበር። ከጓደኛው ከመካኒኩ ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ሆኖ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። በመጨረሻ ከመምህራኑ አንዱ ትጋቱን አይቶ ደገፈውና ሁለቱም ጓደኛሞች ገብተው ተማሩ፤ በ1931 ተመረቁ። ከዚያም ያው ትምህርት ቤት ለጥቁሮች የተለየ ክፍል ሲከፍት አስተማሪዎቹ እነሱ ሆኑ። እኛ እዚህ የትምህርት ክፍያ ሳንከፍል፣ ማደሪያና ምግብ ተሰጥቶን ስንማር ስለ ፈተና ክብደት የምናማርረውን ማማረር ከዚህ ጋር ስናስተያየው ጥቂት ያሳፍራል።

ፈቃድ ማግኘቱ ግን የመጨረሻው አልነበረም። አብራሪ ያለ ማረፊያ አብራሪ አይደለም። በቺካጎ ዙሪያ የነበሩት አብዛኞቹ ማረፊያዎች ለጥቁር አብራሪዎች ዝግ ነበሩ። ነገሩን በእኛ ጥያቄ በኩል ስናየው ክብደቱ ይታወቃል፦ ሞተሩ መንቀጥቀጥ የጀመረበት አብራሪ ከታቹ የተደለደለ ሜዳ፣ መጠለያና መካኒክ እያየ፣ በቆዳው ቀለም ምክንያት እዚያ መውረድ የማይፈቀድለት ከሆነ ወዴት ይሄዳል? ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ቻሌንጀር የተባለ የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከቺካጎ በስተ ደቡብ ሮቢንስ በምትባለው የጥቁሮች ከተማ መሬት አግኝተው ድንጋይ ለቅመው፣ ዛፍ ነቅለው፣ ጉድጓድ ሞልተው በገዛ እጃቸው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ነፋስ መጥቶ መጠለያውን ከነአይሮፕላኖቹ አፈራረሰው። ሮቢንሰን በነዚህ ዓመታት ታስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ደጋግሞ ወተወተ፤ ጥያቄው ፍሬ ያፈራው እሱ ኢትዮጵያ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የታወቀው የታስኪጊ አብራሪዎች የወጡት ከዚያ ትምህርት ቤት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው እንደኛው ባሕር ማዶ የሚማር የሕክምና ተማሪ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በአሜሪካ ዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማረ፣ ጎን ለጎን ለአገሩ የሚጠቅም ባለሙያ ያፈላልግ ነበር። በ1935 መጀመሪያ ላይ የጥቁሮች የዜና ድርጅት መሪ የነበረው ክሎድ ባርኔት ስለ ሮቢንሰን ነገረው። መላኩ ሕክምናውን በዚያው ዓመት አጠናቀቀ፤ በኋላም በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቁሞ ለአገሩ ሲሟገት በ1940 በወጣትነቱ ሞተ። የእሱን ታሪክ በሌላ እትም ለብቻው ማውጣት ይገባናል።

ሮቢንሰን በግንቦት 1935 አዲስ አበባ ገባ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ካየች ገና ስድስት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ፈረንሳዊው አብራሪ ማዬ ፖቴዝ የተባለውን አይሮፕላን ይዞ የመጣው በነሐሴ 1929 ነውና። ከሮቢንሰን በፊት የመጣ ሌላ ጥቁር አብራሪ፣ የሐርለሙ ሂውበርት ጁልያን፣ በ1930 ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ምርጥ አይሮፕላን ዛፍ ላይ ጥሎ ሰባብሮት ነበር። በዚህ ምክንያት አዲስ አበቤው ስለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ያለው አስተያየት ጥሩ አልነበረም። ሮቢንሰን ይህን ሊያስተካክል የቻለው ብዙ ባለመናገሩና በየቀኑ በመብረሩ ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቶት የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ።

አየር ኃይል ስንል አንባቢ እንዳይሳሳት። አይሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ያረጁ፣ መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ፤ ፖቴዝ፣ ፎከር፣ ዩንከርስ፣ ፋርማን እየተባለ ከየአገሩ አንድ ሁለት የተሰበሰበ በመሆኑ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። ኢጣልያኖች በመቶ የሚቆጠር የጦር አይሮፕላን አሰልፈው ነበር። ስለዚህ የሮቢንሰን ሥራ መዋጋት ሳይሆን መልእክት፣ ሹማምንትና መድኃኒት ወደ ግንባር ማመላለስ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የኢጣልያ አይሮፕላኖች ዓድዋን ሲደበድቡ እሱ መልእክት አድርሶ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበር፤ ሕዝቡ ሲያልቅ በዓይኑ አየ። ከዚያ ወዲያ የጠላት አይሮፕላን ሲያሳድደው ደመና ውስጥና ሸለቆ ውስጥ እየተሸሸገ ማምለጥ ልማዱ ሆነ።

አገራችንን የምናውቅ ሰዎች የዚህን በረራ አስቸጋሪነት ለመገመት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ ክንፍም አይሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል። በዚህ ምክንያት ለመነሣትም ለማረፍም ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል። ሜዳ ደግሞ በሰሜን ኢትዮጵያ ከየት ይመጣል? ከደሴ ወደ ሰሜን ገደልና አምባ ነው። ሞተር በበረራ ላይ ቢቆም አብራሪው ያለው ጊዜ ዳዊት ለመድገም እንኳ አይበቃም። ሮቢንሰን ከነዚያ በረራዎች ተርፎ መመለሱ ከመተኮስ ችሎታ ሳይሆን ከየት ማረፍ እንደሚቻል አስቀድሞ ከማጥናት የመጣ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ጥሩ አብራሪ ሞተሩ ደኅና ሳለ ከታቹ ማረፊያ ይመርጣል ይባላል፤ እሱ ይህን የተማረው በሮቢንስ ነው።

ከዚህ ላይ ወደ ክርክራችን ለአፍታ እንመለስ። መስከረም 15 ቀን 1988 የአገራችን አየር መንገድ የሆነ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። አብራሪዎቹ ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን አላደረሷቸውም፤ ከከተማዋ ወደ 10 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ባዶ መሬት ላይ ጎማ ሳይዘረጉ በሆዱ አሳረፉት። አይሮፕላኑ ተቃጠለ። ከ104ቱ ሰዎች 35 ሞቱ፤ 69 ተረፉ። ገጠር መውደቁ ነው ያዳናቸው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ያዳናቸው አብራሪዎቹ እስከ መሬት ድረስ አይሮፕላኑን በእጃቸው መያዛቸው ነው። እሳት አጥፊና ሐኪም አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ ከ35ቱ ስንቱ በተረፈ ብለን መጠየቃችን ግን አልቀረም።

የተገላቢጦሹን ምሳሌ የምናገኘው እዚሁ ሱዑዲ ዓረቢያ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1980 ከሪያድ የተነሣ ትራይስታር አይሮፕላን ከኋላ በኩል የዕቃ ክፍሉ ተቃጠለና ወዲያው ተመልሶ ሪያድ በሰላም አረፈ። ማኮብኮቢያው ረጅም፣ እሳት አደጋ መኪናውም በቦታው ነበር። ዳሩ ግን አይሮፕላኑ እንዳረፈ ወዲያው አልቆመም፤ ከቆመም በኋላ በሮቹ አልተከፈቱም። ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ የመጀመሪያው በር እስኪከፈት 23 ደቂቃ አለፈ። 301 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በትክክለኛው ቦታ ማረፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንም። በዓለም አቀፉ ደንብ የማረፊያ እሳት አጥፊዎች ወደ ማንኛውም የማኮብኮቢያ ጫፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለባቸው፤ አዲስ አይሮፕላንም ተሳፋሪውን ሁሉ በ90 ሴኮንድ ማስወጣት እንደሚቻል ካልታየ አይፈቀድለትም። ለእኛ ለሐኪሞች ቁጥሮቹ የተለመዱ ናቸው፤ ጭስ የተሳበ ሳንባ ከዚያ በላይ አይጠብቅምና።

ባሕሩን ለመረጠው ጓደኛችንም መልስ አለን። በኅዳር 1996 የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴት ዳር ውኃ ላይ ሲያርፍ ከ175ቱ 50 ብቻ ተረፉ፤ ያውም ባሕር ዳር የነበሩ ሰዎች በጀልባ ስለደረሱላቸው ነው። ብዙዎች የሞቱት መንሳፈፊያ ልብሳቸውን ገና አይሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ነው። በ2009 ኒውዮርክ ወንዝ ላይ 155 ሰዎች ሁሉ መዳናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ወንዝ ሐይቅ የመሰለና ዙሪያው ጀልባ የሞላበት ነበር። የኛው የኾባር ባሕርም ቢሆን በሚያዝያ 1964 በአሸዋ ውሽንፍር ሌሊት ወደ ዳህራን ሲወርድ የነበረውን የካራቬል አይሮፕላን ከ49 ሰዎች ጋር ውጦታል። በረሃው ላይ ይውደቅ ያለው ደግሞ ሰብኻ የሚባለውን የዚህን አገር ጨዋማ መሬት በእግሩ ረግጦ አላየም፤ ላዩ ድርቅ ያለ ይመስላል፣ ሥሩ ጭቃ ነው።

ወደ ሮቢንሰን እንመለስ። አዲስ አበባ በግንቦት 1936 በጠላት እጅ ከመውደቋ ጥቂት ቀደም ብሎ ወጣ። በዚያው ወር አሜሪካ ሲደርስ የቺካጎ ጥቁር ሕዝብ በሺሕ እየሆነ ወጥቶ ተቀበለው። በስሙ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከከተማ ከተማ ዞረ፣ በጦርነቱ ዘመን ደግሞ የአሜሪካን ጦር የአይሮፕላን መካኒኮች አሠለጠነ።

በ1944 ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች አስከትሎ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። አገሪቱ ከጦርነት ገና መውጣቷ ስለነበር አይሮፕላንም መለዋወጫም አልነበረም፤ ቢሆንም በርካታ ወጣቶችን አሠለጠነ። በታኅሣሥ 1945 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋምና በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ መሬቱን ካለሰለሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የአየር ኃይሉ አመራር ግን ለስዊድኖች ተሰጠ። የስዊድኖቹ አለቃ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር፤ እሱም በወረራው ዘመን በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ፣ በ1977 ኦጋዴን ውስጥ የተገደለ የአገራችን ወዳጅ ነው። ሁለቱ ወዳጆቻችን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ ጠቡ እስከ ድብድብ ደርሶ ሮቢንሰን ታሰረ። ማን እንደጀመረ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ሮቢንሰን ከዚህ በኋላ ወደ አየር ኃይሉ ሥልጣን አልተመለሰም፤ አገሩንም ለቆ አልሄደም፤ አዲስ አበባ ላይ መብረሩንና ማስተማሩን ቀጠለ።

በመጋቢት 1954 ስቲንሰን በምትባል ትንሽ አይሮፕላን ከአንድ ኢጣልያዊ መካኒክ ጋር ለሕሙም የሚሰጥ ደም ይዞ ሲበር አይሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወደቀች። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከኢጣልያ አይሮፕላን ይሸሽ የነበረ ሰው የመጨረሻ የበረራ ጓደኛው ኢጣልያዊ ሆነ። ሁለቱም ሞቱ፤ ሮቢንሰን ግን በቃጠሎው ሁለት ሳምንት ያህል ከታገለ በኋላ ነው። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።

ሁለት ሳምንት የሚለው ቁጥር የሕክምና ተማሪ ዝም ብሎ የሚያልፈው አይደለም። በሰፊው የተቃጠለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚሞተው ከሰውነቱ በሚፈስሰው ፈሳሽ ምክንያት ነው፤ ያን ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ የሚገድለው ቁስሉ ውስጥ የሚገባው መርዘኛ ተሐዋሲ ነው። ዛሬ በየዋርዱ የምናየው በብር የተሠራው የቃጠሎ ቅባት በአገልግሎት ላይ የዋለው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ሮቢንሰን ከዚያ ዐሥራ አራት ዓመት ቀድሞ ተቃጠለ።

ክርክራችን ይህን ሁሉ አንብበን ከተሰባሰብን በኋላ ጥቂት ጠበበ። አብዛኞቻችን የተስማማነው፣ ችግር የገጠመው አይሮፕላን ሊደርስበት ከሚችለው ሁሉ በቅርብ ያለው ሙሉ ዝግጅት ያለው ማረፊያ ላይ ይውረድ፣ ምርጫው የአብራሪው ይሁን፣ ከመሬት ሆኖ ማንም አይዘዘው በሚለው ነው። እዚህ ከሆነ በንጉሥ ፋህድ ማረፊያ፤ መድረስ ካልቻለ ግን አሮጌው ዳህራን ከተማ መሐል ቢሆንም ይክፈቱለት። በ1992 አምስተርዳም ላይ አንድ የጭነት አይሮፕላን ሊመለስ ሲሞክር የመኖሪያ ሕንጻ ላይ ወድቆ በጠቅላላው 43 ሰዎች መሞታቸውን የጠቀሰው ጓደኛችን እስካሁን አልተስማማም፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀሪው ጥያቄ የአገራችን ነው። ቦሌን አዲስ አበባ ከብባዋለች፤ ስለዚህ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በሚባል ሥፍራ አዲስ ትልቅ ማረፊያ ታስቧል፤ ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ለሞተርም ለጎማም ይሻላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ በቃጠሎ ሕክምና የታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ስድስት ኪሎ ነው፤ ከአቡሴራ እስከዚያ ያለው መንገድ ከ40 ኪሎሜትር በላይ ነው። የበዓል ዋዜማ ቀን በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ የገባ አባል ካለ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይንገረን።